የጋሽ ሶርሳ በር

«ቲቸር፣ ጋሽ ሶርሳ አረፉ» አለኝ የእድራችን ጸሐፊ በስልክ። ነፍስ ይማር ብዬ ሳልጨርስ ቀጠለ። «ሳጥን አትግዙ፣ የራሴን ሠርቻለሁ ብለው ነበር። ደግሞ ከፊት በቀኝ በኩል የሚሸከመኝ ምናሴ ይሁን ብለዋል። ይቅር ብለውታል ማለት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን።»

እኔም «ይመስገን» አልኩ። ይቅር እንዳላሉት ግን በሶዶ ከተማ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ሶርሳ አናጺ ነበሩ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን አናጺ፣ ቁልፍ ያዥ፣ ደወል ደዋይ፣ እግሯ ለተሰበረች አግዳሚ ወንበር ሁሉ ወጌሻ። አጭርና ደንዳና ሰው ናቸው። የግራ አውራ ጣታቸው ጥፍር መዶሻ ካጠቆረው ጀምሮ ጥቁር እንደሆነ ቀርቷል። ወደ ማንም ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት የበሩን መቃን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉታል፤ ገበሬ የበሬውን አንገት እንደሚያደርገው። መቃኑ ካልጣማቸው ምን ቢቀርብላቸው ዓይናቸው ከበሩ አይነሳም። አንድ ቀን እኔ ቤት መጥተው ባለቤቴ ከእንሰት የሚሠራውን ሙቹዋ ከነቃሪያ ዳጣው አቀረበችላቸው። በልተው እጃቸውን ታጠቡና «ምግቧ ጥሩ ናት፤ በርህ ግን ትዋሻለች» አሉኝ። በማግስቱ መሮና መላጊያ ይዘው መጥተው አቃኑልኝ።

አማርኛቸው ወንድና ሴት ብዙም አይለይም። በወላይትኛ አስበው በአማርኛ ስለሚያወጡት በሩም፣ ብረቱም፣ ሬሳውም ሴት ይሆናል። አንዳንዶች ይስቁባቸው ነበር። እኔ በቴክኒክ ኮሌጅ የንድፍ ሥራ አስተማሪ ነኝ፤ አማርኛው የጠራ መሐንዲስ ብዙ ሰምቻለሁ። ስለ ቤት ግን እንደ ጋሽ ሶርሳ አድርጎ ያስረዳኝ የለም።

ሜትር ቢኖራቸውም የሚለኩት ከእንሰት ቃጫ በገመዱት ገመድ ነው። ገመዱ ሦስት ቋጠሮ አለው። አንደኛው ሙሽሮች ክንድ ለክንድ ተያይዘው የሚያልፉበት ስፋት ነው። ሁለተኛው ጳጳሱ አክሊላቸውን እንደደፉ የሚያልፉበት ቁመት። ሦስተኛው ሬሳ ከነተሸካሚዎቹ የሚያልፍበት ነው።

«ሦስተኛዋ ትበልጣለች» ይላሉ ገመዱን እየዳሰሱ። «ሙሽራ ጎን ለጎን ካልሆነላት ፊትና ኋላ ትሆናለች። ጳጳስም ከመጣባት ትጎነበሳለች። ሬሳ ግን አትጎነበስም።»

አሮጌዋ ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ገመድ የተለካች ነበረች። የመሠረቷት ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ፣ ነጩ አባ፣ የሕንፃ ሥዕሏን ከአገራቸው ይዘው ሲመጡ ረጅም አዳራሽ ከነደወል ማማው ነበር አሉ። የጋሽ ሶርሳ አባት የግንበኞቹ አለቃ ነበሩና መሠዊያው ያለበትን ጀርባዋን ክብ ካላደረግነው አገሬው ቤቴ ብሎ አይገባባትም ብለው ተሟገቱ። ስለዚህ ፊቷ ጣሊያን፣ ጀርባዋ ወላይታ ሆነች። ውስጧ የዝግባ ምሰሶ ነበር፤ መስኮቶቿ ጠባብ፣ በቀትር እንኳ ደንገዝ ያለች። ከፀሐይ ሲገቡ ዓይን እስኪለምድ ቆም ማለት ግድ ነው። ጋሽ ሶርሳ «እግዜር ቤት ሮጠህ አትገባም፤ ጨለማዋ ታቆምሃለች» ይሉ ነበር። ሁለት ተካፋች የሆነውን ትልቁን በር በወጣትነታቸው የሠሩት እሳቸው ናቸው። በሩ ከውስጥ የሚዘጋው በሦስት ረጃጅም የዝግባ መቀርቀሪያ ነበር።

ግን ሕዝቡ በዛ። እሁድ እሁድ ግማሹ ደጅ ዝናብ ላይ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። አዲስ ይሠራ ሲባል እጃቸውን ካወጡት አንዱ ነኝ፤ አሁንም አልጸጸትም። ሥዕሉ ከአዲስ አበባ መጣ። ግማሽ ክብ ነው፤ መሠዊያው ወደ መሃል ገብቶ ሕዝቡ በሦስት ጎን ይከበዋል፤ ግድግዳው መስታወት፣ ጣሪያው ያለ ምሰሶ በብረት የተያዘ። ዕድሜ የጠገቡት «ይሄማ የስብሰባ አዳራሽ ነው፤ ቅዱሳኑስ የት ሊቆሙ ነው?» አሉ። ወጣቶቹ «ካህኑን እናያለን፣ እርስ በርሳችንም እንተያያለን» አሉ። ጋሽ ሶርሳ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይቆማሉ ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልቆሙም። ብረቱን ሲያዩት «ይህቺ ብረት ደግ ናት። የተሸከመችውን አትደብቅም» አሉ።

የጠሉት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ሻማ እንዳያጠፋ ተብሎ በሩ ፊት የመስታወት ክፍል ተስሎ ነበር። ከጎን ትገባለህ፣ ሁለት እርምጃ ትሄዳለህ፣ ከዚያ ወደ ግራ ታጥፈህ ነው ዋናውን በር የምታገኘው።

የሕንፃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ምናሴ ነው። የግንባታ ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ከተማው በሙሉ አቶ ይለዋል። እኔ እዚህ ወረቀት ላይ አቶውን ነፍጌዋለሁ፤ ወረቀቱ የራሴ ነው። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። በስብሰባው ላይ ጋሽ ሶርሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተነሡ።

«ሬሳ በየት ትገባለች?» አሉ።

ምናሴ ፈገግ አለ። «ጋሽ ሶርሳ፣ እኛ የምንሠራው ለሕያዋን ነው» አላቸው። «ይሄ የሳር ቤት አይደለም። በኮምፒዩተር የተሠራ ነው፤ በእርስዎ ቃጫ አይለካም።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጋሽ ሶርሳ ሳቃችን እስኪያልቅ ጠብቀው «አንዴ ተናግሬአለሁ» ብለው ተቀመጡ። ምናሴ ወደኔ ዘንበል አለና «ቲቸር፣ ይሄን ቃለ ጉባኤው ላይ አትጻፈው፤ የሬሳ ወሬ ጳጳሳችን ፊት አይቀርብም» አለኝ። ጀምሬው የነበረውን መስመር ሰረዝኩ። ቃለ ጉባኤው በንጹሕ ሲገለበጥ ደግሞ መስመሩ ጭራሽ ጠፋ።

የመስታወቱን ክፍል የእንጨት ፍሬም እንዲሠሩ የታዘዙት ራሳቸው ጋሽ ሶርሳ ነበሩ። ሥዕሉ እንዳለው አድርገው ሠሩት፤ አንድ ጣት አላጎደሉም፣ አንድ ጣት አልጨመሩም። ጳጳሱ መጥተው ባረኩ። ሕንፃው ያምር ነበር፤ ውሸት መናገር አልችልም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው ፍትሐት ሆነ። የሞቱት የምናሴ እናት እማማ ማርታ ናቸው። እማማ ማርታ ደግ ሴት ነበሩ፤ ጋሽ ሶርሳ ሥራ ላይ ሲሆኑ ሳይጠየቁ ጎዳሬ ቀቅለው የሚልኩላቸው እሳቸው ነበሩ። ስድስት ሰው ሳጥኑን ተሸክሞ መስታወቱ ክፍል ገባ። መታጠፍ አልቻሉም። ወደ ኋላ መለስ አሉ፣ በጠባብ መንገድ እንደምትዞር ባጃጅ ወዲህ ወዲያ አሉ፤ አልሆነም። ለቀስተኛው ከኋላ ይገፋል። በመጨረሻ አንዱ «እናቁመው» አለና ሳጥኑን በቁሙ ቀጥ አድርገው አሳለፉት። ሬሳው ውስጥ ተንሸራቶ ወደ ታች ሲወርድ የሰማነው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ሴቶቹ ፊታቸውን ነጩ።

ያን ጊዜ ምናሴ ላብ በላብ ሆኖ ጋሽ ሶርሳ ላይ ጣቱን ቀሰረ። አንቱታውንም ጣለው።

«ሥዕሉ ትክክል ነው» አለ፣ ሕዝቡ ሁሉ እየሰማ። «አጥብቦ የሠራው ይሄ ሰውዬ ነው። ተቀየምኩ ብሎ በእናቴ ሬሳ ተበቀለኝ።»

ጋሽ ሶርሳ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ አንገታቸውን አዞሩና እኔን አዩኝ። ሥዕሉ እኔ ቢሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ተጠቅልሎ ቆሟል። ቃለ ጉባኤውን የጻፈው የኔ እጅ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ይበቃቸው ነበር። ባለቤቴ የምትሠራው ምናሴ ሱቅ ነው፤ ያ ሰበቤ ነው። እውነቱ ግን ስለፈራሁ ነው። ጫማዬን አየሁ።

ሳምንቱ ሳያልቅ ቁልፉን ተቀበሏቸው። እርስዎስ ምን ይላሉ ያላቸው የለም። በሬሳ የተበቀለ የሚል ስም ወላይታ ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ ያገሩ ሰው ያውቀዋል፤ ለቅሶ ቤት ሲገቡ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው ጠፋ። ሆስፒታሉ መንገድ ላይ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይተው የሬሳ ሳጥን መሥራት ጀመሩ። ሊጠይቃቸው የመጣውን ሁሉ «ከበር ወደ ሳጥን ዞርኩ፤ እንጨቷ ያው ናት» ይሉታል።

ብዙ ቀን ፈርቼ ቆይቼ ሄድኩ። መላጊያቸውን ሳያቆሙ፣ ቀና ሳይሉ ጠየቁኝ።

«ያን ቀን ያልኳትን ጽፈሃታል?»

«አልጻፍኩም፣ ጋሼ።»

«እንግዲያ አልተናገርኩም ማለት ነው» አሉና መላጋቸውን ቀጠሉ።

ስድብ ብሰማ ይሻለኝ ነበር።

ኋላ ነገሩ ሲበርድ ምናሴ ራሱ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ገባው። ሥዕሉን ከቁም ሳጥኔ አስወጥቶ አየው፤ እኔ ፊት ነው ያየው። ጠቅልሎ መለሰልኝና «እንግዲህ ያለፈ አልፏል» አለኝ። ሽማግሌ ላከ። ሙክት አርዶ ቤቱ ሊታረቅ ፈለገ። ጋሽ ሶርሳ ሽማግሌዎቹን በክብር አስቀመጡና እንዲህ አሏቸው፦ «ስድቧን በአደባባይ ሰጥቶኝ ይቅርታዋን በጓዳ ልብላ? እዚያችው በር ላይ፣ ሕዝቡ ባለችበት፣ ሶርሳ አላጠበበም ይበል። ሙክቱ ትቅርብኝ።» ምናሴ ያን አልፈልግም አለ። የሰው ፊት ቆሞ አጠፋሁ ማለት ለነጋዴ ስም አይሆንም አለ። ሽማግሌዎቹ ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ ጋሽ ሶርሳም ሦስቱንም ጊዜ ያንኑ መለሱ። እልኸኛ ናቸው እየተባለ ታሙ። እኔ ግን በዚያ እልህ እቀናለሁ፤ እንደዚያ ሆኜ ብፈጠር ኖሮ ያን ቀን ጫማዬን አላይም ነበር።

የመስታወቱ ክፍል ፈረሰ። ምናሴ አዲሱን በር እኔ እንድስል ጠየቀኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሳልኩት ነገር የለም። በጋሽ ሶርሳ ሦስተኛ ቋጠሮ ነው የሳልኩት፤ ቀጥ ያለ፣ ሁለት ተካፋች፣ ሳጥኑም ተሸካሚዎቹም ሳይነካኩ የሚያልፉበት። የብረት መቃኑ ግንብ ውስጥ ተቀበረ። አንድ ቀን ጋሽ ሶርሳ ሰው በሌለበት ሰዓት መጡ፤ መቃኑን መታ መታ አደረጉት፣ ገመዳቸውን ዘረጉበት።

«ልክ ናት» አሉኝ። «ዘገየህ እንጂ ልክ ነህ።»

አሮጌዋ ቤተ ክርስቲያንም በዚያው ሰሞን ፈረሰች፤ መሬቷ ኮብልስቶን ተነጥፎበት መኪና ማቆሚያ ሆነ። ምሰሶዎቹን ወሰዱ። ትልቁን በር ለማገዶ ሊፈልጡት ሲሉ ጋሽ ሶርሳ በጋሪ አስጭነው ቤታቸው አስገቡት። ምን ሊያደርጉበት እንደሆነ ያወቅሁት ጉበታቸውን ታመው ከሰውነት ተራ ሲወጡ ነው። ልጠይቃቸው ብሄድ በሩን ፈትተው ሳጥን እየሠሩበት አገኘኋቸው። ሳጥኑ ልከኛ ነው። ሥሩ ላይ ግን ሦስቱ መቀርቀሪያዎች አግድም ገብተዋል፤ በግራም በቀኝም ረዝመው ወጥተዋል፣ ስድስት ሰው ትከሻውን እንዲያስገባበት። ሚስማር የለውም፤ እንጨት በእንጨት የተቆላለፈ ነው፤ ሳይሰበር አይነቀልም። ለተሸካሚ እንደዚያ የሚመች ሳጥን አይቼ አላውቅም። ደግሜ አየሁት፤ በዓይኔ ለካሁት።

«ጋሽ ሶርሳ፣ ይሄ በበሩ አያልፍም።»

«በስንት?»

«በአራት ጣት።»

ሳቁ። ያ ሁሉ በሽታ እያለባቸው ከሆዳቸው ሳቁ። «ጎበዝ ቲቸር፤ እኔም አራት ጣት ነው ያገኘሁት።»

«መቀርቀሪያዎቹን ማሳጠር ይቻላል እኮ።»

«ይቻላል። አላሳጥራትም።» እንጨቱ ላይ የወጣውን ስንጥር በጥፍራቸው ለቀም አደረጉ። «ያን ቀን ማርታን ካቆሟት ወዲህ ሬሳ የሚያቆም ሰው የለም። ደጅ ይቀራሉ። ምናሴ በትከሻው እንደያዘኝ ደጅ ይቀራል። ያን ጊዜ ምን እንደሚል እንሰማለን።»

«እግዚአብሔር ግን ይቅር በሉ ይላል።»

«ይላል። እሱን እዚያ ስደርስ አነጋግረዋለሁ። ምናሴን ግን የማገኘው እዚህ ነው።» ከዚያ ዓይን ለዓይን አዩኝ። «ዝም ትላለህ?»

ራሳቸው መለሱልኝ። «ትላለህ። ታውቅበታለህ።»

የቀብራቸው ዕለት ሕዝቡ ከጠበቅሁት በላይ መጣ፤ ከገሱባና ከተበላ ከተሞች ሳይቀር በር የሠሩለት ሁሉ መጣ። ምናሴ ጥቁር ሱፍ ለብሶ ከፊት በቀኝ በኩል ገባ። ትከሻውን መቀርቀሪያው ሥር ሲያደርግ ያለቅስ ነበር። «ይቅር ብለውኛል» ይላል አጠገቡ ላለው ሁሉ። «በመጨረሻ ይቅር ብለውኛል።» እኔ ከኋላው ስድስት እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ እሄዳለሁ። በዚያ መንገድ ሁሉ ልነግረው እችል ነበር።

በሩ ጋ ደረሱ። የፊተኛው መቀርቀሪያ የግራውን መቃን መታ። ወደ ቀኝ ሳብ አሉ፤ የቀኙን መታ። ቆሙ። ካህኑ ከውስጥ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆመው ያያሉ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ቀስ ብሎ «በጎን እናዘንብለው ይሆን?» አለ። አንዲት አሮጊት «ሁለተኛ እንዳታደርጉት» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ግን ሁሉም ሰማ፣ ምናሴም ሰማ። ካህኑ ወጥተው ፍትሐቱ ደጅ እንዲሆን አዘዙ። ሳጥኑን ኮብልስቶኑ ላይ አወረዱት፤ የአሮጌዋ ቤተ ክርስቲያን ወለል የነበረበት ላይ። ፀሎቱ ከመጀመሩ በፊት ምናሴ እጁን አነሣ።

«አንድ ነገር ልናገር» አለ። «ያን ጊዜ ጋሽ ሶርሳ ስብሰባ ላይ ነግረውኛል። ሬሳ በየት ይገባል ብለው ጠይቀውኛል። ሳቅሁባቸው። እሳቸው አላጠበቡም፤ የሠሩት ሥዕሉ እንዳለው ነው፤ ሥዕሉን በኋላ አይቼዋለሁ፣ አይቼ ዝም አልኩ። እናቴን ያንገላታሁት እኔ ነኝ። የኚህን ሰው ስም ያጠፋሁ እኔ ነኝ። እግዚአብሔር አሳየኝ። ይኸው አሁንም በሩን አጥብቤ አሠርቼ ደጅ አስቀረኋቸው።» ይህን ብሎ ሳጥኑ አጠገብ ኮብልስቶኑ ላይ ተቀመጠ።

አላዘንኩለትም። ደስ አለኝ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሕዝቡ ጋሽ ሶርሳን በስማቸው እየጠራ ያለቅስ ጀመር፤ አጠገባቸው መቀመጥ የተጸየፈው ሁሉ ሳጥኑን ሊነካ ይጋፋል። ያን ያህል ዓመት የጠበቁት ቃል ተነገረላቸው፤ በሩ ላይ፣ ሕዝቡ ባለበት። ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹ ደግሞ እኔና እሳቸው ብቻ የምናውቀው ነው።

አሮጊቷ ከለቀስተኛው መሃል ወጥተው ወደኔ መጡ። በሩን የሳልኩት እኔ እንደሆንኩ ሶዶ ሁሉ ያውቃል። ሌሎችም ዞረው አዩኝ፤ ሁለት ተማሪዎቼም ቆመው ነበር። ሜትር በኪሴ ነበረ፤ አውጥቼ ብዘረጋው በሩ ልክ መሆኑን፣ ልኩን ያለፈው ሳጥኑ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያየው ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉኝ፣ «ያን ሁሉ ዘመን ልኬት እያስተማርክ አንድ በር መለካት አቃተህ?»

«አቃተኝ፣ እማማ» አልኩ።